ሴንሰሩ ምስክር ነው፣ ዳኛ አይደለም

የናፍጣ መኪና ምርመራ፦ ከመካኒኩ ጆሮ እስከ ኮምፒውተሩ ኮድ
(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

በአዲስ አበባ ጋራዦች የተለመደ ነገር ነው። አንድ የናፍጣ ፒክአፕ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት ትበራለች። መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ስካነር ይሰካል፣ ኮድ ይወጣል። ኮዱ የሴንሰር ስም ከጠራ ነገሩ አለቀ፤ ባለንብረቱ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይላካል። በሺዎች የሚቆጠር ብር ከፍሎ አዲስ ሴንሰር ይዞ ይመለሳል። ይገጠማል፣ መብራቷ ትጠፋለች። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ትበራለች።

በዚህ ጊዜ ሰው የሚያማርረው መካኒኩን ወይም «ፎርጅድ ሸጠልኝ» የሚለውን ነጋዴ ነው። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ስህተቱ የተፈጸመው ዕቃው ከመገዛቱ በፊት፣ ኮዱ እንደ ፍርድ በተነበበበት ደቂቃ ነው። ኮድ ፍርድ አይደለም። የሞተሩ ኮምፒውተር «ከምስክሮቼ የሰማሁት ቃል አልገጠመልኝም» ብሎ የጻፈው ማስታወሻ ነው። ምስክሩ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ተናግሮ ጥፋተኛው ሌላ ሊሆንም ይችላል። ምርመራ ማለት እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚጠፋ ለመረዳት፣ ምስክሮቹ ወደ ሞተሩ መቼና ለምን እንደገቡ ማየት ያስፈልጋል።

◾ ጆሮ፣ ጭስና ቁልፍ

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል የሞተሩን ሐሳብ ለማስመዝገብ ያመለከተው በ1892 ነው። በአውግስቡርግ ከተማ የሚሠራ ሞተር ይዞ ለዓለም የታየው ግን በ1897 ነበር። ያ ሞተር ከነዳጁ ኃይል ሩቡን ያህል ወደ ሥራ መለወጥ ቻለ፤ ለዘመኑ የእንፋሎት ሞተሮች ይህ የማይታሰብ ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው። አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ነዳጅ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ካንዴላ አያስፈልገውም፤ አንዴ ከተነሳ በኋላም ኤሌክትሪክ የግድ አይለውም።

በ1927 የቦሽ ኩባንያ የናፍጣ መርጫ ፖምፓ በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1936 መርሰዲስ 260 ዲ የተባለችውን የናፍጣ አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የናፍጣ ሞተር ሙሉ በሙሉ የብረት ማሽን ሆኖ ኖረ። ነዳጁን የሚመጥነው ፖምፓው፣ ፖምፓውን የሚገዛው ስፕሪንግና ክብደት ነበር።

የዚያ ዘመን መካኒክ የሚያምነው የራሱን ስሜት ብቻ ነው። ጥቁር ጭስ ካየ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ ነው፣ ወይም ውሃ ገብቷል። ከሲሊንደሮቹ የቱ እንደታመመ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የአንዱን ኢንጀክተር ቱቦ በቁልፍ ላላ ያደርጋል። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው፤ ካልተለወጠ በሽተኛው ተገኘ። በመካኒኩና በሞተሩ መካከል የሚያስተረጉም ሦስተኛ ወገን አልነበረም።

የእኛው ጋራዥ ቋንቋ ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ይዞታል። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ፖምፓ፣ ኮፈን፤ እነዚህ ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም በእጅ የሚነኩ ዕቃዎች ናቸው። ሴንሰር፣ ስካነር፣ ኮድ የሚሉት ግን ከእንግሊዝኛ ዘግይተው የገቡ ናቸው፤ የሚናገሩትም ስለማይታይ ነገር ነው። ከመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ወደ ሁለተኛው ሲታለፍ የሥራው ጠባይም አብሮ ተለውጧል።

◾ ከሎስ አንጀለስ ጭጋግ የወጣች መብራት

የሞተር መብራቷ የትውልድ ቦታ ጋራዥ አይደለም። ታሪኳ የሚጀምረው በሐምሌ 1943 ሎስ አንጀለስ ዓይን በሚያቃጥል ጭጋግ በተሸፈነች ጊዜ ነው። ጊዜው የጦርነት ስለነበር ነገሩ የጠላት የጋዝ ጥቃት የመሰላቸው ነዋሪዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኔዘርላንድ ተወላጁ ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ምንጩን አሳየ፤ ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ ብርሃን እየተለወጠ የሚፈጥረው መርዝ ነው። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ሀብት ቦርዷን አቋቋመች፤ የመጀመሪያው ሰብሳቢም እሱ ሆነ። በ1970 የአሜሪካ ኮንግረስ ጠንካራ የንጹህ አየር ሕግ አወጣ።

ሕጉ የጠየቀውን ንጽሕና በካርቡሬተር ማሟላት እየከበደ ሄደ። ስለዚህ ኮምፒውተር ገባ፤ ኮምፒውተር ደግሞ ዓይንና ጆሮ ይፈልጋል። በ1967 ፎልክስዋገን በቦሽ የኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ የሚሠራ መኪና ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። በ1976 ቮልቮ በጭስ ማውጫው ውስጥ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ገጠመ። መኪናው የራሱን ጭስ ማሽተት ጀመረ ማለት ነው።

ሆኖም አዲስ ጥያቄ ተነሳ። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ንጹህ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ ሴንሰር ቢበላሽ ማን ያውቃል? መኪናው ይሄዳል፣ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም፣ አየሩ ግን ይመረዛል። የካሊፎርኒያ መልስ መኪናው በራሱ ላይ ይመስክር የሚል ነበር። ከ1988 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያው የራስ ምርመራ ሥርዓት ግዴታ ሆነ። በ1996 ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ፣ ኦቢዲ ቱ የሚባለው፣ በመላው አሜሪካ ለሚሸጥ አውቶሞቢል ሁሉ ተደነገገ። ከመሪው ሥር የሚገኘው ባለ 16 ፒን ሶኬትና ለሁሉም አምራች የጋራ የሆኑት ኮዶች የመጡት በዚህ ነው። አውሮፓ በ2001 ለቤንዚን፣ በ2004 ለናፍጣ አውቶሞቢሎች ተከተለች።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መብራቷ የተሠራችው የትኛው ዕቃ እንደሚቀየር ለመካኒኩ ልትነግረው አይደለም። የመኪናው ጭስ ከተፈቀደው ሊያልፍ እንደሚችል ለማስጠንቀቅ ነው። መኪናው ያለ ችግር እየሄደ መብራቷ የምትበራበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ከማንቂያ ደወል ሙሉ የምርመራ ውጤት መጠበቅ ደወሉን ያለ ሥራው ማሠራት ነው።

◾ ናፍጣው ኮምፒውተር ሲገባበት

ቦሽ የናፍጣ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያውን ያወጣው በ1986 ነው። በ1989 አውዲ 100 ቲዲአይ በፍራንክፈርት ትርኢት ቀረበች። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1997 ነው። በፊያት ተመራማሪዎች የተጠናውና በኋላ ለቦሽ የተሸጠው ኮመን ሬይል የተባለው አሠራር በአልፋ ሮሜዮ 156 ላይ ተገጥሞ ለገበያ ወጣ። ነዳጁ በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ እስከ 1,350 ባር ታምቆ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ ኢንጀክተር በኮምፒውተር ትእዛዝ ይከፈታል። ዛሬ ግፊቱ ከ2,000 ባር ያልፋል።

በዚህ ጊዜ የቀድሞው መካኒክ ትልቁ ብልሃት ለሕይወት አስጊ ሆነ። ሞተሩ እየሠራ የኮመን ሬይል ቱቦ ማላላት አይቻልም፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ የናፍጣ ጅረት ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ግፊቱን የሚያውቀው የሬይል ግፊት ሴንሰሩ ብቻ ሆነ። የሚገባውን አየር የሚመዝን፣ የቱርቦውን ግፊት የሚለካ፣ የክራንክ ዘንጉን ዙር የሚቆጥር፣ የውሃውንና የነዳጁን ሙቀት የሚከታተል ሌላ ሌላ ሴንሰር ተደረደረ። መካኒኩ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ መነጋገሩ ቀርቶ በምስክሮች በኩል መስማት ጀመረ።

◾ ሦስት ዓይነት ክስ

አብዛኛው የግፊት ሴንሰር 5 ቮልት ይቀበላል፤ መልሱን በግምት ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት ባለው መካከል ይሰጣል። ከዚህ የተነሳ በሬይል ግፊት ላይ ብቻ ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ክሶች ሊመሠርት ይችላል።

አንደኛው ፒ0192 ወይም ፒ0193 ነው። ቮልቱ ከታችኛው ወሰን ወርዷል ወይም ከላይኛው አልፏል። ክሱ በመስመሩ ላይ ነው፤ ሽቦ ተበጥሶ፣ ሶኬት ዝጎ ወይም ሴንሰሩ ራሱ ሞቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፒ0191 ነው። ቮልቱ በወሰኑ ውስጥ ነው፤ ታሪኩ ግን ከሌሎቹ ምስክሮች ጋር አይገጥምም።

ሦስተኛው ፒ0087 ነው፤ የሬይሉ ግፊት ከሚፈለገው አንሷል ይላል። ይህኛው ሴንሰሩን ጨርሶ አይከስም። እንዲያውም የሴንሰሩን ቃል አምኖ የተጻፈ ነው። ምክንያቱ የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ፣ በመስመሩ የገባ አየር፣ ያረጀ ፖምፓ ወይም ነዳጅ እየመለሰ የሚያፈስ ኢንጀክተር ሊሆን ይችላል። «ግፊት» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ የግፊት ሴንሰር የሚገዛ ሰው ሌባ ያየውን ዘበኛ አሰናብቶ ሌባውን ግቢ ውስጥ ይተዋል።

የአየር መጠን ሴንሰሩም ዕጣ ተመሳሳይ ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ከጭሱ ከፊሉን መልሶ የሚያስገባ ኢጂአር የሚባል ቫልቭ አለ። ይህ ቫልቭ በጥላሸት ተጣብቆ ክፍት ከቀረ የሲሊንደሩን ቦታ ጭስ ይይዘዋል፤ ከውጭ የሚገባው አየር ያንሳል። ሴንሰሩ «አየር አንሷል» ይላል፤ እውነቱን ነው። የሚቀየረው ግን እሱ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ መኪኖች የተለያዩ ሴንሰሮች አንዱን የ5 ቮልት መስመር ይጋራሉ። አንዱ ውስጡ ሾርት ሲያደርግ የሁሉንም ቮልት ይዞ ይወርዳል፤ አራት አምስት ኮድ በአንዴ ይወጣል። ዝርዝሩን አይቶ አምስቱንም መቀየር የዋህነት ነው። የሚሻለው ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ 5 ቮልቱ የቱ ሲነቀል እንደሚመለስ ማየት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ቴስተርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ምስክሩን ራሱ የሚፈትኑበት መንገድም ውድ አይደለም። መኪናው ሌሊቱን አድሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፣ የሬይሉ ግፊት ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። በቆመ ሞተር ላይ 300 ባር የሚያሳይ ሴንሰር ውሸታም ነው። የቱርቦ ግፊት ሴንሰሩም በዚያው ጊዜ የአካባቢውን አየር ግፊት ማሳየት አለበት። እዚህ ላይ የአገራችን መልክዓ ምድር ወጥመድ ያስቀምጣል። በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎፓስካል የሆነው ግፊት ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 76 ይወርዳል። በባሕር ወለል ልክ የተጻፈ መመሪያ ይዞ «100 ማሳየት ነበረበት» የሚል ባለሙያ ጤነኛውን ሴንሰር ይጥላል። ሽሮሜዳ ቆሞ 100 የሚያሳየው ነው በሽተኛው። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ ወደ መሐል አገር የሚወጣ ተሽከርካሪ በአንድ ጉዞ ይህን ልዩነት ሁሉ ያልፋል፤ ሴንሰሮቹም በመንገዱ ሁሉ ቁጥራቸውን ይቀይራሉ፤ ሥራቸው ነውና።

ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ እንዲሉ፣ ኮድን ሳያጣሩ ዕቃ መቀየር ውጤቱ ኪሳራ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ኮዱን አጥፍቶ መሸኘት ነው። ብዙ መኪኖች ኮድ ሲመዘግቡ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት አብረው ያስቀምጣሉ። ኮዱ ሲጠፋ ይህም ይጠፋል፤ የምስክሩ ቃል ሳይነበብ መዝገቡ ይቃጠላል።

◾ ምስክሮቹ እውነት፣ ዳኛው ሐሰት

እስካሁን የተባለው ሴንሰር ሲዋሽ ወይም ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ነው። ታሪክ ተቃራኒውንም አሳይቷል። በ2013 የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የናፍጣ አውቶሞቢሎች ላይ ተንቀሳቃሽ መለኪያ ጭነው በካሊፎርኒያ መንገዶች ነዱ። አንዷ እስከ ሲያትል ደርሳ ተመለሰች። በ2014 ይፋ በሆነው ውጤት ከሁለቱ የፎልክስዋገን መኪኖች አንዷ ከሕጉ ወሰን እስከ 35 እጥፍ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ታወጣ ነበር። አብራ የተፈተነች የሌላ አምራች መኪና ግን በአብዛኛው በወሰኑ ውስጥ ነበረች፤ ስለዚህ ጥፋቱ በናፍጣ ላይ ሊላከክ አልቻለም።

መስከረም 18 ቀን 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ክሱን ይፋ አደረገ። ኮምፒውተሩ የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜና የአየር ግፊቱን ከሴንሰሮች እየሰማ መኪናው በላቦራቶሪ ፍተሻ ላይ መሆኑን ያውቅ ነበር። በፍተሻ ላይ ከሆነ ጭሱን ያጸዳል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ይለቀዋል። ወደ 11 ሚሊዮን መኪኖች ይህ ፕሮግራም እንዳለባቸው ኩባንያው አመነ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ። ሴንሰሮቹ አልዋሹም። የዋሸው የእነሱን እውነት ሰምቶ የፈረደው ፕሮግራም ነው። የሞተር መብራቷም አልበራችም፤ የምትበራው ያው ፕሮግራም ሲያዛት ነውና። የተያዘውም ከመኪናው ውጭ በተቀመጠ ሌላ መለኪያ ነው።

አንድ ሴንሰር ብቻውን ሲታመን የሚመጣውን ደግሞ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ያውቁታል። መጋቢት 10 ቀን 2019 ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ የ157 ሰዎች ሕይወት አልፏል። ነገሩ የመኪና ሞተር አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ጥያቄ ግን ያው ነበር። በግራና በቀኝ የአውሮፕላኑን አፍንጫ አቅጣጫ ከነፋሱ አንጻር የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩ። በመጀመሪያው የምርመራ ሪፖርት መሠረት የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ያሳይ ነበር። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ፕሮግራም ግን አንዱን ብቻ እንዲሰማ ሆኖ ነበር የተሠራው። ሴንሰሩ ለምን ተበላሸ በሚለው ላይ የኢትዮጵያ መርማሪዎች የኤሌክትሪክ ችግር ሲሉ፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የወፍ ግጭት ብለዋል። ፕሮግራሙ በአንድ ሴንሰር ላይ መንጠልጠሉ ግን አላከራከረም።

ዛሬ መንገድ ላይ ያለ ተራ የናፍጣ ፒክአፕ እንኳ በነዳጅ ፔዳሉ ውስጥ ሁለት ሴንሰሮች አሉት። በብዙዎቹ አንዱ የሌላውን እጥፍ ቮልት ይሰጣል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ቀንሶ መብራቷን ያበራል። አንድ ምስክር አይበቃም የሚለው ደንብ የፔዳሉን ያህል የተለመደ ነገር ነው። ጋራዡም ሊጠብቀው የሚገባው ይህንኑ ደንብ ነው።

◾ ማን ያንብበው?

የጋራ ኮዶቹ ለሁሉም ክፍት ቢሆኑም ከእነሱ ሥር አምራቾች ለራሳቸው ያስቀሯቸው ብዙ ኮዶችና የምርመራ ፕሮግራሞች አሉ። በ2012 የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት መራጮች፣ አምራቾች ለራሳቸው ጋራዦች የሚሰጡትን የምርመራ መረጃ ለማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲሸጡ የሚያስገድድ ሕግ በከፍተኛ ድምፅ አጸደቁ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 ባወጣው ደንብ ተመሳሳይ መብት ሰጥቷል። እነዚያ ማኅበረሰቦች የተረዱት መኪናን መግዛትና መኪናን ማንበብ ሁለት የተለያዩ መብቶች መሆናቸውን ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አግዳለች። ወደ ኤሌክትሪክ ለመሻገር የተወሰደ እርምጃ ነው። ነገር ግን ትናንት የገቡት የናፍጣ መኪኖች ዛሬም መንገድ ላይ ናቸው። ተተኪ ስለማይመጣላቸው ዕድሜያቸው መርዘሙ አይቀርም፤ እያንዳንዱ በስህተት የተቀየረ ሴንሰርም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። የሚተካቸው የኤሌክትሪክ መኪናም ከሴንሰር አያመልጥም፤ የባትሪውን ሙቀት፣ ቮልትና ኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያውቀው በሴንሰር ብቻ ነው። ዛሬ በናፍጣው ላይ ማጣራት ያልተማረ ጋራዥ ነገ በባትሪው ላይ የሚያጠፋው ገንዘብ ይበልጣል።

ስለዚህ የሙያ ትምህርት ቤቶች ስካነር መሰካትን ብቻ ሳይሆን ስካነሩን መጠራጠርን ማስተማር አለባቸው። ባለሙያውም በመመሪያው ላይ ያለውን ቁጥር ከቆመበት ከፍታ ጋር ማስታረቅ ይጠበቅበታል። ባለንብረቱ ደግሞ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፦ «ሴንሰሩ መበላሸቱን በምን አረጋገጣችሁ?» መልሱ «ኮዱ ነው ያለው» ብቻ ከሆነ ምርመራው ገና አልተጀመረም። መልሱ «5 ቮልቱ ይደርሳል፣ ሽቦው ጤነኛ ነው፣ በቆመ ሞተር ላይ ግን የሌለ ግፊት ያሳያል» ከሆነ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ይቻላል።